የሲስተር ዲቦራ ሁለት ኪሎ ተኩል

እኛ ጤና ጣቢያ ከሚወለደው አሥር ልጅ አራቱ ልክ ሁለት ኪሎ ተኩል ነበር። ሁለት ከአራት መቶ አይደለም፣ ሁለት ከስድስት መቶም አይደለም፤ ድፍን ሁለት ተኩል። የጤና ጣቢያውን ስም አልጠራም፤ ቦረና፣ ነጌሌ ውስጥ መሆኑ ይበቃል። የማዋለጃ ክፍሉን መዝገብ ገልጦ ያየ ሰው፣ እግዚአብሔር የኛን ሰፈር ልጆች በአንድ ቁና ሰፍሮ የሚልካቸው ሊመስለው ይችል ነበር። እኔ ላብራቶሪዬ ውስጥ ተቀምጬ ያንን መዝገብ ስንት ዓመት ሙሉ ሳገላብጥ አንድ ቀን እንኳ አልገረመኝም። ሰው የለመደውን ነገር አያይም።

መዝገቡን የምትጽፈው አዋላጅ ነርሷ ሲስተር ዲቦራ ናት። ክብረ መንግሥት ተወልዳ ያደገች የወንጌላዊ ልጅ ናት። ወደ ነጌሌ የመጣችው በ1989 ነው፤ እኔ ከእሷ በሁለት ዓመት እቀድማለሁ፣ ይህንንም በየአጋጣሚው አስታውሳታለሁ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ስትራመድ የምትቸኩል ሴት ናት። ነጭ ካፖርቷ ከመታጠብ ብዛት አመድማ ሆኗል። ሻይዋን ያለ ስኳር ትጠጣለች፤ ወሬ አትወድም። እኔ ደግሞ ወሬ እወዳለሁ። አባቴ ከሰሜን በወታደርነት መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው፤ አምሀ ከአባቱ የወረሰው ቁጣና ምላስ ብቻ ነው ይሉኛል። አልተሳሳቱም።

ዲቦራ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እኩል ስለምትናገር፣ ከሊበን ገጠር በጭነት መኪና የመጣች የከብት አርቢ ሚስትም፣ የከተማ አስተማሪ ሚስትም እጇ ላይ ሲወድቁ እኩል ይረጋጋሉ። የወላዷን ቁስል ስትሰፋ ዝቅ ባለ ድምፅ መዝሙር ታንጎራጉራለች። የኛ ኦርቶዶክስ ሴቶች ምጥ ሲይዛቸው ማርያምን መጣራታቸው የታወቀ ነው። አንዳንዷ ሴት፣ አዋላጇ ጴንጤ መሆኗ ትዝ ሲላት አፏን ትይዛለች። ያኔ ዲቦራ ቀና ሳትል፣ «ጥሪያት፤ እየጠራሻት ግን ግፊ» ትላለች። ይህን ቀልድ ብላ አይደለም የምትናገረው፤ ለሥራ ነው።

የሁለት ኪሎ ተኩሉ ነገር የጀመረው ኮሪደሩ ላይ ነው። ድሮ ልጅ ሲወለድ ደጅ የሚጠብቀው ዘመድ፣ ወንድ ነው ሴት ናት፣ እናትየው ደኅና ናት ወይ ብሎ ይበቃው ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ከሁለት ኪሎ ተኩል በታች የተወለደ ልጅ ትንሽ ነው፣ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል ብለው ካስተማሩ ወዲህ ግን አንድ ጥያቄ ተጨመረ። ስንት ኪሎ ነው? ሕዝቡ ልዩ ጥንቃቄ የሚለውን ረሳ፤ ቁጥሩን ግን ያዘ። ከቁጥሩ በታች ከሆነ አማት ምራቷን ምን ሳትበላ ቀረሽ፣ ምን በሽታ ደበቅሽን ትላታለች። አንዳንዱ ቤት ደግሞ ይሄ ልጅ አይቆይም ብሎ ዝም ይላል። ዝምታው ከንግግሩ ይብሳል።

ዲቦራ ይህን ታውቃለች። ስለዚህ የሚዛኑ መርፌ ሁለት ከሦስት መቶ ላይ ሲወዛወዝ ትንሽ ትጠብቀውና ካርዱ ላይ ሁለት ተኩል ብላ ትጽፋለች። እናትየውን ለብቻዋ ስታገኛት ግን ልጁን ደረትሽ ላይ ያዥው፣ ቶሎ ቶሎ አጥቢው ትላታለች። ለምን እንደሆነ አትነግራትም። ለእናትየው ያዘነች መስሏት ነው። እኔ ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው።

በ2009 ዶክተር ሚስጥር ከአዲስ አበባ መጣች። ወጣት ናት፣ ትሑት ናት፣ «ጋሽ አምሀ» ስትለኝ አንገቷን ዝቅ ታደርጋለች። ጥናት ልትሠራ ነው የመጣችው፤ ከአራስ ልጆች እትብት በሚወሰድ ደም ላይ። ዝናብ ሁለት ወቅት ተከታትሎ የቀረበት፣ የሊበን ከብት የሚወድቅበት ዓመት ነበር። እኔ መጀመሪያ ሳያት፣ ሰው ውሃ በተጠማበት አገር ደም ልትቀዳ መጣች ብዬ አሽሟጥጫለሁ። ሰምታኝ ነበር፤ ግን አልተቀየመችኝም። ተቀምጣ አስረዳችኝ።

ሰውነት ውስጥ በሽታ ሲገባ፣ አለች፣ የመከላከያ ሴሎች እርስ በርስ መልእክት ይላላካሉ። መልእክቱን የሚያደርሱት ሳይቶካይን የሚባሉ በጣም ጥቃቅን ሞለኪውሎች ናቸው። አንዱ ጠላት መጣ ይላል፣ ሌላው ትኩሳቱን አንሡ ይላል፣ ሌላው ደግሞ በቃ ተረጋጉ ይላል። ነፍሰ ጡር ሴት ወባ ወይም ሌላ ኢንፌክሽን ሲይዛት ይህ ጥሪ እንግዴ ልጁ ድረስ ይደርሳል። ጥሪው ሲበረታ ምግብ ወደ ፅንሱ እንደልቡ አያልፍም። ከተማ ውስጥ ተኩስ ሲሰማ ሱቅ እንደሚዘጋ ያለ ነው አለችኝ። ሱቁ ውስጥ ዱቄት አለ፤ በሩ ግን ተዘግቷል። ልጁ ትንሽ ሆኖ ይወለዳል። የትኛው መልእክት ሲበዛ ልጁ በስንት ግራም እንደሚቀንስ ለማወቅ ነው ድካሟ። ታውቆ ከተገኘ ገና በእርግዝናዋ ወራት ሴትዮዋን መርዳት ይቻላል፤ ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው። ወደድኩት። እኔ ሃያ ዓመት ደም ሳይ፣ ደም መልእክት የያዘ ነገር መሆኑን ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር።

ማቀዝቀዣ አመጣች፣ ደም የሚያሽከረክር አዲስ ሴንትሪፉጅ አመጣች፣ ክብደትን በየአሥር ግራሙ ለይቶ በቀይ ቁጥር የሚናገር ሚዛንም አመጣች። የኔ ሥራ ከእትብቱ የተቀዳውን ደም አሽከርክሮ ከላይ የሚቀረውን ውሃ መሰል ክፍል መለየት፣ በትንንሽ ቱቦ አድርጎ ቁጥር መጻፍና ማቀዝቀዝ ነው። የዲቦራ ሥራ ደሙን መቅዳትና ልጁን መመዘን ነው። የጥናቱ ቅጽ ላይ የሚሰፍረው ክብደት ከእናትየው ካርድ ይገለበጣል። ከሁለት ኪሎ ተኩል በታች የሆነ ልጅ ደግሞ በየሳምንቱ ቤቱ ድረስ ይጎበኛል፤ ቤተሰቡም ልጁን በገላ ለገላ አቅፎ ማሞቅ ይማራል። ይህ የጥናቱ ደንብ ነበር።

መጀመሪያ ሰዉ እሺ አላለም። ቦረናዎቹ ሀንዱራ ይላሉ፤ እትብት ማለት ነው። ልጅ ሲወለድ አባቱ የሚሰጠው ጊደርም በዚያው ስም ይጠራል፤ ጊደሯ ስትወልድ፣ የወለደችው ስትወልድ፣ ልጁ ከራሱ ከብት ጋር ያድጋል። እና የልጃችንን ሀንዱራ አዲስ አበባ ልትወስዱ ነው ወይ አሉ። ዲቦራ ናት ያግባባቻቸው። እትብቱ የልጁ ነው፣ እንግዴ ልጁም ለእናንተ ይመለሳል፣ እኛ የምንወስደው ከተቆረጠ በኋላ እንግዴ ልጁ በኩል የቀረውን ደም ነው፣ ብላ ሁሉን አሳየቻቸው። ዲቦራ ካለች እሺ አሉ። ዶክተር ሚስጥር ያለ እሷ አንዲት ጠብታ አታገኝም ነበር።

ጠጂቱ የመጣችው ድርቁ በበረታበት በየካቲት ነው። ከሊበን ገጠር ባሏ ጉዮና አማቷ አኮ ሎኮ ደግፈዋት፣ አብዛኛውን መንገድ በጭነት መኪና፣ ቀሪውን በእግሯ። አኮ አያት ማለት ነው፤ ሁላችንም እንደዚያው ነው የምንጠራቸው። ጠጂቱ ለሦስት ወር ያህል ትኩሳት ይመጣባትና ይሄድላት እንደነበር ለዲቦራ ብቻ ነግራታለች፤ ያን ሰሞን ግን ለቋት ነበር፤ አማቷ ፊት አላነሣችውም። ረፋድ ላይ ሴት ልጅ ወለደች። እኔ ቱቦዬን ልወስድ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ዲቦራ ካርዱን ይዛ ወጣች፣ ሁለት ተኩል አለች። ጉዮ ፊቱ በራ። ከድርቁ ከተረፉለት ሦስት ጊደሮች አንዷን፣ ግንባረ ቦቃዋን፣ ለልጄ ሰጥቻለሁ ብሎ እዚያው ኮሪደር ላይ፣ በሰው ፊት ተናገረ። አኮ ሎኮ ግን ልጅቷን ተቀብለው ብዙ ጊዜ በእጃቸው ላይ ያዟት። እኔ ቱቦው ላይ መቶ አሥራ ስምንት ብዬ ጻፍኩና ወደ ክፍሌ ሄድኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ዶክተር ሚስጥር የመጀመሪያውን ውጤት ይዛ ተመለሰች። ላብራቶሪ ገብታ ወንበር ስባ ስትቀመጥ ነገር እንዳለ ገባኝ። ኮምፒውተሯን ከፈተች። ቁጥር መቶ አሥራ ስምንት፣ አለች፣ በደሙ ውስጥ ያለው መልእክት ከሌሎቹ ስድስት እጥፍ ይበልጣል። እንዲህ ያለ ደም ያላቸው ልጆች ሌላ ቦታ ሲመዘኑ ሁለት ኪሎ ከትንሽ ናቸው፤ ይህች ግን ሁለት ተኩል ተብላለች። አንዷ ብቻ ብትሆን ይሁን እል ነበር፣ እንደሷ ያሉ ግን አሥራ ዘጠኝ ናቸው አለች። ከዚያ ዓይኗን ሰበር አድርጋ፣ ምናልባት ቱቦዎቹ ተቀያይረው ይሆን ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

ደሜ ፈላ። ሃያ ሁለት ዓመት ደም ሳሽከረክር የአንድ ሰው ቱቦ ከሌላው ቀይሬ አላውቅም። ከእጄ የወጣ ሁሉ ቁጥሩ በውሃ በማይለቅ ቀለም ሁለት ቦታ ይጻፍበታል። ይህን ሁሉ በድምፄ ልክ ነገርኳት። አልተከራከረችኝም፤ ይሄ ደግሞ የባሰ አናደደኝ። ምክንያቱ ካልታወቀ የዚህን ጤና ጣቢያ ናሙና በሙሉ ጥዬ ሥራውን እዚህ ማቆም ይኖርብኛል አለችና ወጣች። መኪናው የቀረውን ናሙና ይዞ በቡሌ ሆራ በኩል ወደ አዲስ አበባ ሄዶ ነበር፤ እሷ ግን መዝገቡን ልትመረምር ቀረች።

ግቢው ውስጥ ዲቦራ እጇን ስትታጠብ አገኘኋትና ንዴቴን ሁሉ እሷ ላይ አራገፍኩት። ለጡረታ ጥቂት ዓመት ሲቀረኝ ቱቦ ቀያሪ ተባልኩ አልኳት። ደሙ ልክ ነው፣ ቁጥሩ ልክ ነው፣ ይሄን ሰማይ ቢገለበጥ አልለውጥም አልኳት። ቧንቧውን ዘጋችው፤ እጇን ግን አላደረቀችም፤ ውሃው እየተንጠባጠበ ሰማችኝ። ስንት ናቸው ያለችው ብላ ጠየቀችኝ። አሥራ ዘጠኝ አልኳት። ራሷን ነቀነቀችና ሄደች። ያጽናናችኝ አልመሰለኝም፣ ቅር አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ዲቦራ እኔንና ዶክተሯን ክፍሏ ጠራችን። ጠረጴዛዋ ላይ የመዝሙር ደብተሯ ነበር፣ ጠርዙ የተበላ፣ ልባሱ የጨርቅ።

«አምሀ ቱቦ አልቀየረም» አለች ለዶክተሯ። «ደሙ ልክ ነው። ሚዛኑም ልክ ነው። ልክ ያልሆንኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ደብተሩን ከኋላ ገለጠችው። መዝሙሩ የሚያልቅበት ገጽ ላይ ሌላ ጽሑፍ ይጀምራል። የእናት ስም፣ ወንድ ወይም ሴት፣ እውነተኛው ክብደት። ጠጂቱ፣ ሴት፣ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ስልሳ። ጥናቱ ከተጀመረ ወዲህ ያሉት ብቻ፣ ደማቸው ገና ያልተመረመረው ሲጨመር፣ ሠላሳ አንድ ነበሩ፤ ከዚያ በፊት ያለው ግን በዓመት በዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። ዲቦራ በየጠዋቱ ለእነዚህ ልጆች ትጸልያለች። ለካርዱ ሁለት ተኩል ብትጽፍም ለእግዜር መዋሸት ስላልፈለገች እውነቱን እዚህ አኑራለታለች።

ብስቅ ይሻለኝ ነበር፤ አልሳቅኩም። ለምን እንዳደረገችው ስንጠይቃት፣ በሃያ ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ስለ ቤቷ ነገረችን። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች እናቷ ወንድ ልጅ ወለደች፤ ቃለአብ ተባለ። ትንሽ ነበር። የአባቷ እህት አልጋው አጠገብ ቆማ ይሄ ለመሬት የተወለደ ነው አለች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እናቷ ልጁን እንደ ሰው ዕቃ ትይዘው ጀመር፤ ልትለምደው ፈራች። በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተ። «ልጁን የገደለው ትንሽነቱ አይደለም» አለች ዲቦራ። «ትንሽ መባሉ ነው። እኔ ባለሁበት ማንም ልጅ እንዲያ አይባልም ብዬ ነበር።»

ዶክተር ሚስጥር ደብተሩን እያገላበጠች ብዙ ቆየች። በመጨረሻ ለስላሳ በሆነ ድምፅ የጸሎት ደብተር ለጥናት ማስረጃ እንደማይሆን፣ የሠላሳ አንዱን ልጆች ደም ከጥናቱ እንደምታወጣ ተናገረች። ጽፋ ለአለቆቿ ማሳወቅም አለባት። ዲቦራ አውቃለሁ አለች። «ጥናቱ ይቆየን» አለች ዶክተሯ፤ «እነዚህ ልጆች በደንቡ በየሳምንቱ መታየት ነበረባቸው። አሁን የት ናቸው?»

እኔ ተናድጄ ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ቢባልም፣ የእኔ ነገር ከጠራ በኋላም ንዴቴ አልበረደም። የዚያኑ ዕለት ከዲቦራ ጋር ወደ ሊበን የሄድኩት ላግዛት ብዬ ሳይሆን ዶክተሯ ስለለመነችኝ ነው። ለከብት የሳር እስር የጫነ አይሱዙ ላይ ጋቢና ውስጥ ተቀመጥን። ሚዛኑን በነጠላዋ ጠቅልላ ጭኗ ላይ ይዛዋለች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አልኳት። አዎ አለች። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የሞቱ ከብቶች ነበሩ።

ጉዮ ደጅ ላይ ተቀበለን። አካም፣ ናጋ ተባባልን፤ የሰዉን፣ የከብቱን፣ የዝናቡን ደኅንነት በወጉ ተጠያየቅን። ዲቦራ ሰላምታው እስኪያልቅ ትዕግሥት አጥታ ጣቶቿን ስታፍተለትል አያታለሁ። ቤት ስንገባ ጠጂቱ አልጋው ላይ ጋደም ብላለች፣ ዓይኗ ቢጫ ለብሷል። ልጅቷ ለብቻዋ በጨርቅ ተጠቅልላ ከጎኗ ተኝታለች። አኮ ሎኮ አልነበሩም፤ ልጅቷ ሙሉ ናት፣ አራሷም እያገገመች ነው ብለው የተረፉትን ከብቶች ወደ ጉድጓድ ይዘው ሄደው ነበር፤ ጉዮ ሰው ልኮባቸው ተመለሱ። ዲቦራ የልጅቷን እግር በእጇ ጨበጠችው። ቀዝቃዛ ነበር። ሚዛኑ ላይ አስቀመጠቻት። በሃያ ሦስት ቀኗ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ አርባ። በዚህ ዕድሜዋ ወደ ግማሽ ኪሎ መጨመር ነበረባት።

ዲቦራ መሬት ላይ ተቀመጠች። ወንበር ቢሰጧትም አልወሰደችም። ለጉዮና ለአኮ ሎኮ በኦሮምኛ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ የተወለደች ዕለት ሁለት ኪሎ ከአንድ መቶ ስልሳ እንደነበረች፣ ሁለት ተኩል ብላ የጻፈችው ራሷ እንደሆነች፣ ጠጂቱ እንዳትወቀስ፣ ልጅቷም ጊደሯን እንዳታጣ ብላ እንዳደረገችው። እኔ ጉዮን ነበር የማየው። ይጮኻል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ጊደሯን የሰጠሁት ለልጄ ነው» አለ ጉዮ ቀስ ብሎ። «ለኪሎዋ አይደለም።»

አኮ ሎኮ ልጅቷን ከሚዛኑ ላይ አነሡ። ያን ቀን ኮሪደሩ ላይ እንደያዟት አድርገው በሁለት እጃቸው ያዟት። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር።

«ስቀበላት እጄ ትንሽ ናት ብሎኝ ነበር» አሉ። «በዚህ እጅ ስንት ልጅ፣ ስንት ጥጃ አንሥቻለሁ። ትንሽ ሆኖ የተወለደውን እስኪጠና ከገላዬ አላወጣውም። ያንቺ ወረቀት ግን ሙሉ ናት አለ። የተማርሽ ነሽ ብዬ እጄን ትቼ ወረቀቱን አመንኩ።»

ዲቦራ አለቀሰች። አብሬያት በሠራሁበት ዘመን ሁሉ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም፤ ፊቷን ሳትሸፍን፣ ድምፅ ሳታሰማ። እኔም ንዴቴ ያን ጊዜ ነው የለቀቀኝ። አኮ ሎኮ የልብሳቸውን ደረት ፈቱና ልጅቷን ራቁቷን ወደ ገላቸው አስገብተው በላይዋ ሸፈኗት። እንሂድ አሉ።

በተመላሹ መኪና እናትና ልጅ፣ አያትና አባት ሁሉም ወደ ነጌሌ መጡ። ከጠጂቱ ጣት ጠብታ ደም ወስጄ በማይክሮስኮፕ አየሁ፤ ወባ ሞልቶት ነበር። የመቶ አሥራ ስምንት ደም ይህንኑ ከሦስት ሳምንት በፊት ይነግረን ነበር። ሱቁ ለምን እንደተዘጋ ተናግሯል፣ ልጅቷ ስንት ግራም እንደጎደለባት እንኳ ገምቶልናል፤ የኛ ካርድ ነው ውሸታም ያደረገው። ጠጂቱ መድኃኒት ጀመረች፣ ወተቷ ተመለሰ። ልጅቷ አንድ ወር ሙሉ አንድ ጊዜ ከእናቷ፣ ሌላ ጊዜ ከአያቷ ደረት ላይ ሳትወርድ ከረመች። በኋላ ዳርሚ ተባለች። ግንባረ ቦቃዋም ድርቁን አለፈችው።

ከሠላሳ አንዱ ሃያ ዘጠኙን በሕይወት አገኘናቸው። ሁለቱ አልነበሩም። ዲቦራ ሁለቱም ቤት ብቻዋን ሄደች። አንደኛው ቤት ቁጭ በይ አሏት፤ ሌላው ቤት አላሏትም። ዶክተር ሚስጥር ልታጽናናት፣ ትንሽ ሆነው ከሚወለዱ ልጆች ጥቂቶቹ ምንም ቢደረግላቸው አይተርፉም አለቻት። «እነዚህ ሁለቱ ከጥቂቶቹ መሆናቸውን ማን ነገረን?» አለች ዲቦራ። ሁለቱ ስሞች ዛሬም ደብተሯ ላይ አሉ፤ ጠዋት ጠዋት ከእነሱ ትጀምራለች።

ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት። ወረቀቱን አጣጥፋ ሳትደብቅ የማዋለጃው ግድግዳ ላይ ለጠፈችው፤ ኃላፊው ግን ወረቀቱን አስነሣት። ጥናቱ በሌሎቹ ልጆች ደም ቀጠለ፤ ዶክተር ሚስጥርም ሥራዋን ጨርሳ ሄደች፤ ሚዛኑን ግን ተወችልን። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት መዝገቡ ሌላ መዝገብ ሆነ። ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሰባ፤ ሁለት ሺህ አንድ መቶ አሥር፤ ሦስት ሺህ አርባ። ዲቦራ አዲስ ልማድም አመጣች። ልጁ ተወልዶ ከተጠረገ በኋላ፣ ሚዛን ላይ ሳይወጣ፣ ከቤተሰቡ ታላቋን ሴት ትጠራና ታሲዘዋለች፤ እጅዎ ምን ይላል ብላ ትጠይቃለች። ከዚያ ትመዝናለች፤ ቁጥሩን ጮክ ብላ ትናገራለች፤ ትንሽ ከሆነም ምን እንደሚደረግ እዚያው በሁሉም ፊት ታስተምራለች። መጀመሪያ አካባቢ አንዳንድ አማት ተነጫነጨች። እጇ ከሚዛኑ ጋር መግጠሙን ያየች አማት ግን ስለ ምራቷ ማውራት ትታ ስለ ልጁ ታወራለች።

በ2016 ዲቦራ ጡረታ ልትወጣ አንድ ሳምንት ሲቀራት ጠጂቱ ለአራተኛ ጊዜ ልትወልድ መጣች። እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ግን ቤት መቀመጥ ስለማይሆንልኝ እዚያው ግቢ አልጠፋም። አኮ ሎኮ ምርኩዝ ይዘዋል፤ ዳርሚ ክንዳቸውን ደግፋለች፤ የሰባት ዓመት ልጅ፣ ቀጭን፣ ጥርሷ የወለቀ። ቀትር አካባቢ ወንድ ልጅ ተወለደ። ዲቦራ እንደ ልማዷ አኮ ሎኮን አስገብታ ልጁን አስያዘቻቸው።

«እጅዎ ምን ይላል?» አለቻቸው።

አኮ ሎኮ ልጁን በሁለት እጃቸው ከፍ ዝቅ አደረጉትና፣ «ትንሽ ይጎድላል» አሉ።

ሚዛኑ ላይ ወጣ። በሩ ላይ ሆኜ ቀዩን ቁጥር አየሁት። ሁለት ሺህ አራት መቶ ዘጠና። አሥር ግራም። አንድ ጉርሻ ወተት የሚሞላው ነገር ነው። እውነቱን ልናገር፣ እኔ ብሆን ሁለት ተኩል ብዬ እጽፈው ነበር፣ ያውም ሳላፍር። ዲቦራም ቁጥሩን እያየች እስክሪብቶውን ይዛ ቆማለች። እዚህ በመጣች በሃያ ሰባተኛ ዓመቷ፣ በመጨረሻ ሳምንቷ፣ አሥር ግራም።

ሁለት ሺህ አራት መቶ ዘጠና ብላ ጻፈች። ከዚያ ጮክ ብላ ልትናገር ወደ አኮ ሎኮ ዞረች። አኮ ሎኮ ግን ቁጥሩን አልጠበቁም ነበር፤ የልብሳቸውን ደረት ፈትተው፣ ሁለት እጃቸውን ለልጁ ዘርግተዋል።